«መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ»፦ የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ አፈላለግና አጠያየቅ

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርተ ጉባኤ ላይ በቃል ከቀረበው ንግግር ተገልብጦ፣ ለንባብ እንዲመች በተናጋሪው መጠነኛ እርማት የተደረገበት ነው።)



በአገራችን ፍርድ ቤቶች የሚሰጥ ውሳኔን ያነበበ ሰው ሁሉ አንድ የመጨረሻ መስመር ያውቃል። ክሱ፣ መልሱ፣ የምስክሮቹ ቃልና የዳኛው ሐተታ ካለቁ በኋላ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» ይላል። በሕግ ትምህርት ቤት የምናስተምረው በአብዛኛው እስከዚህ መስመር ድረስ ያለውን ነው። ክስ እንዴት እንደሚመሠረት፣ ማስረጃ እንዴት እንደሚቀርብ፣ ይግባኝ እንዴት እንደሚባል እናስተምራለን። መዝገቡ ከተመለሰ በኋላ የት እንደሚቀመጥ፣ ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ የሚፈልገው ሰው በየትኛው በር ገብቶ፣ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ግን አናስተምርም። እኔ ዛሬ የምጀምረው ከዚያ መስመር በኋላ ነው።

የምናገረው ስለ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ሕዝባችን ከፍትሕ ጋር የሚገናኘው በዋናነት በዚያ ነውና። የምሳሌዬ አገር ደግሞ የተወለድሁበት ሰሃላ፣ በሰፊውም ዋግ ኽምራ ነው። ይህን የመረጥሁት የትውልድ ቦታዬ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። በተከዜ ሸለቆ ዳር ከሚገኝ ቀበሌ ተነሥቶ ወደ ወረዳ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ሰቆጣ የሚወጣ ገበሬ ለአንዲት ወረቀት የሚከፍለው ዋጋ ከፍተኛ ነው። አንድ ጊዜ ተሳስቶ መሄድ የቀናት መንገድና የስንቅ ኪሳራ ያስከትልበታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ጉዞ ትክክለኛውን ነገር፣ ትክክለኛውን ቦታ፣ በትክክለኛው መንገድ መጠየቅ እዚያ አካባቢ የኑሮ ጉዳይ ነው።

የአክስቴ ጉዳይ

ነገሩን ከራሴ ቤት ልጀምር። አክስቴ ከባለቤታቸው በፍርድ ሲፋቱ በጋራ ይዘውት የነበረው መሬት ለሁለት እንዲካፈል ተወሰነ። ድርሻቸውን ተረክበው፣ አቅም ስላልነበራቸው ለእኩል አራሽ እየሰጡ ከአሥር ዓመት በላይ በሰላም ኖሩበት። የቀድሞ ባለቤታቸው በሞቱ በዓመቱ ግን ወራሽ ነኝ የሚል ዘመድ «ይህ መሬት የሟች ነው» ብሎ ከሰሳቸው። አክስቴ አልደነገጡም። «ተፈርዶልኛል፤ ወረቀቱም አለኝ» አሉ። ወረቀቱ የነበረበትን ሙዳይ ሲከፍቱ ግን ምስጥ በልቶት አገኙት።

ወደ ፈረደላቸው ፍርድ ቤት ሄዱ። ስሙን መጥራት አስፈላጊ አይደለም፤ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። በመስኮቱ በኩል «እናቴ፣ የመዝገብ ቁጥርዎ ስንት ነው?» ተባሉ። «ቁጥር አላውቅም» አሉ። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው የተፈረደልዎ?» ተባሉ። «ዓመቱን እንጃ፤ ቀኑ ግን የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ሰኞ ነበር» አሉ። «በዚህ አይገኝም» ተብለው ተመለሱ። በቀጠሮው ቀን ባዶ እጃቸውን ቀረቡ፤ ክርክሩ ሲጓተትም ከሳሽ የዚያን ዓመት ማሽላ ሰበሰበ።

ወሬው ሲደርሰኝ አፈርሁ። የሕግ ታሪክ የማስተምር ሰው ነኝ፤ አክስቴ ግን የሚያስፈልገውን መረጃ ሁሉ በቃላቸው ይዘው የሚያነብብላቸው አጥተው ተመልሰዋል። የኅዳር ሚካኤል ማግስት ኅዳር 13 ነው። ኅዳር 13 በ1996 እሑድ፣ በ1998 ማክሰኞ ይውላል፤ ሰኞ የሚውለው በ1997 ዓ.ም. ነው። ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሰኞ የሚውልባቸው ሌሎች ዓመታት ቢኖሩም «አንተ ለትምህርት ሩቅ አገር በሄድህ በዓመቱ» ማለታቸው አንዱን ለይቶ ሰጠኝ። ቀኑ ከታወቀ በኋላ ባሕር መዝገቡን ማገላበጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። መዝገቡ ግን በአክስቴ ስም አልተገኘም። እርሳቸው ራሳቸውን ከሳሽ አድርገው ያስቡ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ ከሳሹ ባለቤታቸው፣ እርሳቸው ተከሳሽ ናቸው። በዚያም ላይ ስማቸው እኛ ቤት ከምንጽፈው በተለየ ፊደል ተጽፏል።

ግልባጩ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ደረሰ፤ ክሱም በዚያው አበቃ። መሬቱ በአክስቴ እጅ ጸና። የዚያ ዓመት ማሽላ ግን አልተመለሰም። ከዚህ የተማርሁትን ለእናንተ ማካፈል ዕዳዬ ነው።

መጀመሪያ ፍርድ ቤቱን መለየት

መዝገብ እንደ ሰው አድራሻ አለው። የአድራሻው የመጀመሪያ ክፍል ጉዳዩን ያየው ፍርድ ቤት ነው። ዛሬ ይህ ቀላል ይመስላል። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 78 መሠረት የክልል የዳኝነት ሥልጣን በክልሉ ጠቅላይ፣ ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች ተደልድሏል። በአማራ ክልል የመጀመሪያ ደረጃው የወረዳ ፍርድ ቤት ይባላል። የዋግ ኽምራ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሰቆጣ፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በባሕር ዳር ይገኛሉ።

ችግሩ የወረዳ ወሰን እንደ ፍርድ ጸንቶ የማይቆይ መሆኑ ነው። ሰሃላ ራሱን የቻለ ወረዳ ከመሆኑ በፊት የዝቋላ ወረዳ አካል ነበር። ስለዚህ ዛሬ የሰሃላ ነዋሪ የሆነ ሰው የቀድሞ ጉዳዩን ሲፈልግ «እኔ የሰሃላ ሰው ነኝና መዝገቤ በሰሃላ ነው» ብሎ ማሰብ የለበትም። መጠየቅ ያለበት «ፍርዱ በተሰጠ ጊዜ ቀበሌዬ በየትኛው ወረዳ ሥር ነበር?» ብሎ ነው። ወረዳ ሲከፈል በሂደት ላይ ያሉ መዝገቦች ወደ አዲሱ ፍርድ ቤት ሊዛወሩ ይችላሉ፤ የተዘጉት ግን ብዙ ጊዜ ባሉበት ይቀራሉ። ሁለቱንም መጠየቅ ይገባል።

ወደ ኋላ በሄድን መጠን አድራሻው የበለጠ ይለዋወጣል። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 195 የወረዳ፣ የአውራጃ፣ የከፍተኛና የጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤቶችን ደረጃ ወስኖ ነበር። በዚያ ዘመን ዋግ የወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃ፣ ሰቆጣም የአውራጃው ከተማ ነበረች። የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ደሴ ነበረች። የአያቱን የመሬት ሙግት የሚከታተል የዋግ ሰው ስለዚህ ዓይኑን ወደ ባሕር ዳር ብቻ ቢጥል ይሳሳታል፤ ከአውራጃ በላይ የሄደ ክርክር ዱካው ወደ ደሴ ያመራል። ከዚያም በታች በ1939 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 90 የተቋቋሙት አጥቢያ ዳኞች ነበሩ። በደርግ ዘመን ደግሞ በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት በገበሬ ማኅበር የተቋቋሙ የፍርድ ሸንጎዎች የመሬትን ጉዳይ ያዩ ነበር። የሸንጎ ውሳኔ በወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አለመገኘቱ ውሳኔው አልነበረም ማለት አይደለም፤ ቀድሞውንም በዚያ አልተከፈተም።

ይግባኝም መዝገብን ያንቀሳቅሳል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሥር ፍርድ ቤቱን መዝገብ ሊያስቀርብ ይችላል። ጉዳዩ ሲያልቅ የሥሩ መዝገብ ወደ መጣበት እንዲመለስ ይታዘዛል፤ ይሁንና ያልተመለሰ መዝገብ ያጋጥማል። «መዝገቡ የለም» ስትባሉ ቀጣዩ ጥያቄያችሁ «ወደ ሰቆጣ የተላከበት መሸኛ ደብዳቤ አለ?» መሆን አለበት። የመሸኛው ቁጥርና ቀን መዝገቡን ተከትሎ የሚወስዳችሁ ክር ነው።

ስም፣ ቀን፣ ቁጥር

ሁለተኛው የአድራሻ ክፍል መዝገቡ በመዝገብ ቤቱ ውስጥ የሚታወቅበት መለያ ነው። የመዝገብ ቁጥር ካላችሁ ሥራው ቀላል ነው። ቁጥሩ በመጥሪያ፣ በቀጠሮ ወረቀት፣ በክፍያ ደረሰኝና በማናቸውም የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ላይ ይገኛል። ፍርዱ ቢጠፋም አሮጌ መጥሪያ በደብተር መካከል ተሸጉጦ ሊገኝ ስለሚችል መጀመሪያ ቤታችሁን ፈልጉ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችሁ በፍርድ ምክንያት ተሻሽሎ ከሆነ ደግሞ የወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ለውጡን ያደረገበትን የፍርድ ቤት ትእዛዝ በፋይሉ አያይዞ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ በዚያ ትእዛዝ ራስጌ ላይ ይነበባል።

ቁጥር ከሌለ ወደ ባሕር መዝገብ እንሄዳለን። ባሕር መዝገብ ፋይሎች በተከፈቱበት ቅደም ተከተል የከሳሽና የተከሳሽ ስም፣ የክሱ ዓይነትና የተከፈተበት ቀን የሚመዘገብበት ትልቅ ደብተር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ሰዎች የሚያስታውሱት የተፈረደበትን ቀን ነው፤ ደብተሩ የሚመዘግበው መዝገቡ የተከፈተበትን ነው። በሁለቱ መካከል ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት አሉ። ስለዚህ ከፍርዱ ቀን ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ፍርድ ቤቶች በክረምቱ ማብቂያ በእረፍት ስለሚዘጉና በዚያ ወቅት አጣዳፊ ጉዳዮች ብቻ ስለሚታዩ፣ በዚያ ጊዜ ተከፈተ የሚባል ተራ የፍትሐ ብሔር ክስ ካጋጠማችሁ ቀኑን መልሳችሁ መርምሩ።

ስምን በተመለከተ የፊደላችን ሞክሼዎች ትልቅ ወጥመድ ናቸው። ኃይሌ በሦስት ዓይነት ሀ፣ ሠናይት በሁለት ዓይነት ሰ፣ ጸጋዬ በሁለት ዓይነት ጸ ይጻፋሉ። ወረዳችን እንኳ በአንዱ ደብዳቤ ሰሃላ፣ በሌላው ሰሀላ፣ በሦስተኛው ሳህላ ተብሎ አይቻለሁ። በስም ፊደል በተደረደረ ዝርዝር ወይም በኮምፒዩተር ስትፈልጉ አማራጩን ሁሉ ሞክሩ። በዋግ ደግሞ ኽምጥኛ ተናጋሪው የነገረውን ስም አማርኛ ጸሐፊው በሰማው መጠን ጽፎታል፤ ድምፁ የተለወጠ ስም ማግኘት የተለመደ ነው። የክርስትና ስምና የዓለም ስም እየተቀያየሩ ይገባሉ። ወራሾች በብዛት ሲከራከሩ ባሕር መዝገቡ የመጀመሪያውን ሰው ስም ብቻ ጽፎ «እነ» ብሎ ያልፋል፤ የእናታችሁ ስም ከ«እነ» በስተጀርባ ሊሆን ይችላልና የወንድሞቿንም የእኅቶቿንም ስም ይዛችሁ ሂዱ። እንደ አክስቴም ከሳሽና ተከሳሽ የተገለባበጡ እንዳይሆኑ በሁለቱም ወገን ፈልጉ።

ማን፣ ምን መጠየቅ ይችላል?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት የወንጀል ክስ የሚሰማው በግልጽ ችሎት ነው፤ ዝግ የሚሆነው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ነው። ይሁንና ችሎት ገብቶ ማዳመጥና መዝገብ አስወጥቶ መመልከት በአሠራራችን አንድ አይደሉም። በአሜሪካ ካውንቲ በሚባለው የአካባቢ አስተዳደር ደረጃ ባለ ፍርድ ቤት፣ በልዩ ትእዛዝ ካልታሸገ በስተቀር መንገደኛው ሁሉ መዝገብ ጠይቆ ማየት ይችላል። በእኛ አገር ጠያቂው ከመዝገቡ ጋር ያለው ግንኙነት ይጠየቃል። ስለዚህ ማን ሆናችሁ እንደምትጠይቁ አስቀድማችሁ እወቁ።

ተከራካሪ ወገን የፍርዱንና የውሳኔውን የተረጋገጠ ግልባጭ በራሱ ወጪ የማግኘት መብት አለው። ወኪል ወይም ጠበቃ የውክልና ሥልጣኑን፣ ወራሽ የወራሽነት ማረጋገጫውን ያቀርባል። በውጭ አገር የሚኖር ወገናችን ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አረጋግጦ ይልካል፤ በአገር ውስጥም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ማረጋገጫው ሲሟላ ወኪሉ ይሠራበታል። ተከራካሪ ያልነበረ ነገር ግን ፍርዱ መብቱን የሚነካበት ሦስተኛ ወገን ጥቅሙን በማመልከቻ ያስረዳል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 358 እንዲህ ያለው ሰው ፍርዱን እንዲቃወም ስለሚፈቅድ፣ የሚቃወመውን ፍርድ ማየቱ ተገቢ ነው።

ክርክራችሁ በሌላ ፍርድ ቤት በሂደት ላይ ከሆነ ደግሞ ራሳችሁ መሮጥ አይጠበቅባችሁም። በዚያው ሕግ ቁጥር 145 መሠረት የያዘው ፍርድ ቤት መዝገቡን ወይም ግልባጩን ካለበት እንዲያስቀርብላችሁ ጠይቁ። ለአክስቴ ይህን የነገራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ በቀጠሮው ቀን ባዶ እጃቸውን አይቀርቡም ነበር። ነገር ግን ቁጥሩን፣ ፍርድ ቤቱንና የተከራካሪዎቹን ስም መስጠት ከእናንተ ይጠበቃል፤ አድራሻ የሌለው ትእዛዝ ያለ መልስ ይቀራልና።

ምን እንደምትጠይቁም ለዩ። ፍርዱን ነው ወይስ መዝገቡን በሙሉ? በመሬት ክርክር ፍርዱ ብቻውን «ድርሻዋን ትረከብ» ሊል ይችላል፤ መሬቱ በማንና በማን እንደሚዋሰን የሚገልጸው ግን የክሱ ማመልከቻ ወይም የባለሙያው ሪፖርት ይሆናል። ወሰን የማይናገር ፍርድ ይዞ ወሰን ለማስከበር መሄድ አድካሚ ነው። የአፈጻጸም መዝገብ ደግሞ ከዋናው መዝገብ ተለይቶ በራሱ ቁጥር ይከፈታል። «ፍርዱ ተፈጽሟል» ለማለት የሚያስፈልጋችሁ ርክክቡ የተመዘገበበት ይህ ሁለተኛው መዝገብ ነው። በዕርቅ ያለቀ ጉዳይ ከሆነም ስምምነቱ በፍርድ ቤት ጸድቆ እንደሆነ ጠይቁ። በሽማግሌዎች ፊት ብቻ ያለቀ ዕርቅ ወረቀቱ ያለው በሽማግሌዎቹ እጅ ነው።

ማመልከቻው

ማመልከቻው አጭር ይሁን። ከላይ የፍርድ ቤቱ ስም፣ በቀኝ ቀኑ፤ ቀጥሎ የአመልካች ሙሉ ስም ከነአያት፣ አድራሻውና በመዝገቡ የነበረው ቦታ፣ ማለትም ከሳሽ፣ ተከሳሽ ወይም ወራሽ መሆኑ ይጻፋል። የጉዳዩ ርእስ በአንድ መስመር ያልቃል፤ «በመዝገብ ቁጥር ይህን ያህል፣ በዚህ ቀን የተሰጠ ፍርድ የተረጋገጠ ግልባጭ እንዲሰጠኝ ስለ መጠየቅ» በሉ። በሐተታው የተከራካሪዎቹን ስም፣ የክሱን ዓይነት፣ ግልባጩ የሚፈለግበትን ምክንያትና የሚፈለጉትን ሰነዶች ዝርዝር አስፍሩ። የክርክሩን ታሪክ እንደገና አትዘርዝሩ፤ መዝገብ ቤት አይፈርድም። ቁጥሩን ካላወቃችሁ «የመዝገብ ቁጥሩ ከባሕር መዝገብ ተጣርቶ» የሚል ጨምራችሁ የጊዜውን ወሰን ስጡ፤ «ከ1996 እስከ 1997 ዓ.ም. ባለው ጊዜ» ማለት «በድሮ ጊዜ» ከማለት እጅግ ይሻላል። መታወቂያ አያይዙ፤ የአንዱን ማመልከቻ ቅጂ የተቀበለው ሠራተኛ ቀን ጽፎ ፈርሞ ይመልስላችሁ።

ግልባጩን ስትቀበሉ ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት። የገጾቹ ቁጥር ተሟልቷል? ስማችሁና የአባታችሁ ስም ትክክል ነው? ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ፣ ፊርማና ክብ ማኅተም አለው? ማኅተሙ ይነበባል? በሰቆጣ የጎደለ ማኅተም በሰሃላ አይሞላም። ወደ ቤት ስትመለሱም በሁለት ቅጂ በሁለት ቦታ አኑሩት።

ጊዜንም አስታውሱ። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ጊዜ ከፍርዱ ጀምሮ 60 ቀን ነው፤ የይግባኙ ማመልከቻ ከፍርዱ ግልባጭ ጋር ስለሚቀርብ ግልባጩን በተፈረደበት ዕለት ጠይቁ። ፍርድን ለማስፈጸም ያለው ጊዜም 10 ዓመት ነው። ፍርድን እንደ መከላከያ ማቅረብ ግን ሌላ ነገር ነው። በቁጥር 5 መሠረት ቀደም ሲል በፍርድ ያለቀ ጉዳይ በእነዚያው ተከራካሪዎች ወይም መብታቸው ከእነርሱ በተላለፈላቸው ሰዎች መካከል እንደገና አይታይም፤ ተከሳሽም ይህን በቁጥር 244 መሠረት በመጀመሪያ መቃወሚያነት ያነሣል። የአክስቴን መሬት ያዳነው ይህ ነው። ከሳሹ የሚከራከረው በሟች መብት ነበርና የሟች ፍርድ እርሱንም አሰረው። ነገር ግን ሕጉ መቃወሚያውን ቢሰጥም ወረቀቱን አያመጣም።

«አልሰጥም» የሚል መልስ ካጋጠማችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቃችሁ ለሬጅስትራሩ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አመልክቱ። የመረጃ ነጻነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካላት ለመረጃ ጥያቄ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጡ ያዝዛል፤ አቤቱታም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። ይህ መንገድ በተለይ ለአስተዳደራዊ መረጃ ይጠቅማል፤ ለመዝገብ ግልባጭ ግን የመጀመሪያው በር ራሱ ፍርድ ቤቱ ነው። ከሠራተኛው ጋር መጣላትም አይጠቅምም። በአቧራ መካከል ጆንያ ፈትቶ የሚፈልግላችሁ እርሱ ነው፤ የተጣራ መረጃ ይዛችሁ ስትቀርቡ ሥራውን ታቀልሉለታላችሁ።

መዝገቡ ጠፍቶ ከሆነ

ዋግ ብዙ ጦርነት ያየ አገር ነው። በደርግ ዘመን ፍጻሜ የጦር ሜዳ ነበር፤ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያም ሰቆጣና አካባቢዋ በጦርነቱ ውስጥ ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር መዝገብ ጠፋ መባል ሊያስደንቅ አይገባም፤ የፍለጋው መጨረሻም ሊሆን አይገባም።

አንድ ፍርድ በአንድ ቅጂ ብቻ የሚኖረው ከስንት አንድ ነው። ሌላው ተከራካሪ ግልባጭ ወስዷል። ይግባኝ ተብሎ ከሆነ የይግባኝ መዝገቡ የሥሩን ፍርድ አያይዟል። የመሬት አስተዳደሩ፣ ቀበሌው፣ በአፈጻጸም የተሳተፈው ፖሊስ ትእዛዝ ደርሷቸዋል። እነዚህን ሰብስባችሁ፣ መዝገቡ መጥፋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከፍርድ ቤቱ ተቀብላችሁ፣ መዝገቡ እንደገና እንዲደራጅ አመልክቱ። የመጥፋቱ ማረጋገጫ ራሱ ዋጋ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2003 በጽሑፍ መሆን የሚገባው ውል ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ሲረጋገጥ በምስክር እንዲረዳ ይፈቅዳል። ድንጋጌው ስለ ውል ቢሆንም ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ መጥፋቱን አስረዳ፣ ከዚያ ይዘቱን።

ለተመራማሪዎች

አሁን ወደ ተማሪዎቼ ልመለስ። የአገራችን ታሪክ በብዛት የተጻፈው ከቤተ መንግሥትና ከቤተ ክህነት ሰነድ ነው። ስለ ዋግ ስንጽፍ ስለ ዋግሹሞች እንጽፋለን። በእኩል ያረሰችው፣ በሬዋን ያበደረችው፣ ጥሎሽ ይመለስልኝ የተባለችው ሴት ቃሏ በጽሑፍ የሰፈረው በወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ነው። አባቶቻችን ርስትና ስጦታን በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይጽፉ የነበረው ነገሩ በአንድ የታመነ ቦታ እንዲኖር ነው፤ የዛሬው መዝገብ ቤት የዚያ አደራ ተረካቢ ነው።

ተመራማሪ ሲጠይቅ የትብብር ደብዳቤ ከፋኩልቲው ይዞ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ያመለክታል፤ የሚፈልገውን ዘመንና የጉዳይ ዓይነት፣ ስሞችንም እንዴት እንደሚጠብቅ ይገልጻል። ታሪካዊ ዋጋ ያላቸው መዛግብት አጠባበቅ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት የተሰጠ ኃላፊነት መሆኑንም አትርሱ፤ ሊወገድ የተከመረ ዶሴ ስታዩ ዝም አትበሉ። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። አዋጁ ባይኖርም እንኳ የፍቺ፣ የልጅነትና የጾታ ጥቃት ጉዳዮችን ባለጉዳዮቹ በሚታወቁበት መልክ ማተም ነውር ነው። በትንሽ ወረዳ ስም መደበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ቀበሌና ዓመት ከተጻፈ ጎረቤት ያውቃል።

አንድ የንባብ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። በመዝገቡ ላይ «ምስክሩ እንዲህ አለ» የሚለው ቃል በብዙ የዋግ መዝገቦች ከኽምጥኛ በአስተርጓሚ ወደ አማርኛ የተመለሰ፣ ከዚያም በጸሐፊው እጅ የተሳጠረ ነው። ምስክሩ የተናገረውና የተጻፈለት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ይህን ሳያስቡ «በገበሬው አንደበት» ብሎ መጥቀስ ስሕተት ነው።

ክቡራን፣

አክስቴ አሁን በሕይወት የሉም። ያስወጣሁላቸውን ግልባጭ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከጭስና ከምስጥ አርቀው በሣጥን አኖሩት፤ ቁጥሩን ደግሞ ለልጃቸው ልጅ በቃል አስጠኑት። ማንበብ የማይችሉ ሴት መዝገብ ቁጥርን እንደ ዳዊት አስጠኑ። ተማሪዎቻችን ወደየወረዳው ሲሄዱ በመስኮቱ ፊት ለቆመች እናት «ቁጥርዎ ስንት ነው?» ብለው እንዳያበቁ እለምናለሁ። «የትኛው በዓል ነበር? ምን ቀን ነበር? ያን ዓመት ማን ተወለደ?» ብለው ይቀጥሉ። ከዚያ ተነሥቶ ቁጥሩን መፈለግ የተማረ ሰው ሥራ ነው።